የሚስት ሾርባ

ጥቅምት 4፣ ኀሙስ

ከድንቢጥ ጋር ምሳ ውጭ በላን። አሥራ አንደኛው ምግብ ቤታችን ነው። ልጄ "ሁለታችሁ ከተማውን በልታችሁ ልትጨርሱት ነው" ትላለች። ትበል። በዚህ ከተማ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሁሉ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ እኛ ደግሞ ጡረታ ወጥተናል፣ ጥርሳችንም ገና አለ። (የእኔ አለ። የድንቢጥ ግማሹ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው።)

ድንቢጥ ያልናት አንደኛ ክፍል ነው፤ ስትበላ ለቀም፣ ለቀም... ለቅማ ለቅማ ግን የሁላችንንም ትጨርስ ነበር። እኔን "አለቃ" አለችኝ። ስልሳ ዓመት አልፎት ዛሬም አለቃ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በሁለት እንጨት የሚበላበት ቤት ነበርን። አንዷን እንጨት ጸጉሯ ላይ ሰክታ በሌላዋ ዓሣውን ወጋችው። አስተናጋጁ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም... ብዙም አልሳቅሁም።

የዛሬው ጠባብ ቤት ነው። ስድስት ጠረጴዛ። ባለቤቱ ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያቀርባል። ከሩቅ አገር የመጣ ጎልማሳ። ቋንቋችንን ይናገራል፣ ነገር ግን ሴትና ወንድ አይለይም።

"እማማ፣ ግባ! ተቀመጥ!"

"ይግቡ፣ ይቀመጡ ነው የሚባለው።"

"አመሰግናለሁ እማማ። ጎበዝ ነህ።"

ድንቢጥ አፏን በናፕኪን ሸፈነች።

ሜኑው ግን... እግዚኦ! ሥጋ በእሳቱ ሰ። ዓሣ በአልፋው አ። ይሁን፣ ይህን ዘመኑ ነው ያበላሸው እንበል። "የተጠየቀ ዶሮ" ምንድን ነው? ማን ጠየቀው? ምን ብሎ መለሰ? "የተጠበሰ" ለማለት ነው አሉ። ከታች ደግሞ "የሚስት ሾርባ" ይላል።

"የማንን ሚስት ነው የቀቀሏት?" አለች ድንቢጥ።

ምስር ለማለት ነው። ግልጽ ነው። አዘዝነው። ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ ትኩስ። ጨው በዝቶበታል። እሷ ሁለት ሳሕን ጠጣች።

ስንወጣ አንድ ሜኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደገባ አላውቅም።

(አውቃለሁ።)

ጥቅምት 5

ተማሪ ሳርምበት የኖርኩትን ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀለሙ ደርቋል ብዬ ፈርቼ ነበር... አልደረቀም! ሠላሳ አንድ ስህተት። ከሁሉ የከፋው ሾርባው ነው፤ "ሚስት"ን ሁለት ጊዜ ሰርዤ "ምስር" አልኩ። ከሥሩ በልማድ "6 ከ10። ጨው ይቀነስ። በርታ።" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ ነው?

የሰዋስው መምህራችን አንድ ፊደል ለሳተ አንድ ማስመሪያ መዳፉ ላይ ያሳርፉ ነበር። እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቀመስኩ። ያም የድንቢጥ ጥፋት ነው፤ ከእሷ ቀድቼ።

ጥቅምት 11፣ ኀሙስ

ሜኑውን በስውር ልመልስ ሄድን። ዕቅዱ የእኔ ነበር። ድንቢጥ ባለቤቱን ስለ ጤናው እየጠየቀች ትይዘዋለች፣ እኔ ከሌሎቹ መሀል ሸጎጥ አደርገዋለሁ። ምን ያደርጋል... ቦርሳዬን ስከፍት አመለጠኝና እግሩ ሥር ዱብ!

አነሣው። አየው። ቀዩን አየ። ከላይ እስከ ታች ቆሞ አነበበ።

"እማማ፣ ይሄን አንተ ጻፍክ?"

"ጻፉ ነው የሚባለው። አዎ።"

ጣቱ ሾርባው ላይ ቆመ። ቆየ።

"ይሄም ስህተት ነው?"

"እሱማ ዋናው!"

አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። "አስተካክላለሁ" አለ። አልተቆጣም። እንዲህ ያለ ተማሪ ድሮም አልነበረኝም።

"በስተርጅና ሌባ ሆነሽ ቀረሽ" አለችኝ ድንቢጥ መንገድ ላይ።

"መልሼዋለሁ እኮ!"

"አሳምረሽ።"

ጥቅምት 18፣ ኀሙስ

ምን ብዬ ልጀምር?

አዲስ ሜኑ አሳትሟል። ሠላሳ አንዱም ታርሟል። ዶሮው ተጠብሷል፣ ዓሣው ዓይኑ ዐ ገብቶለታል። "የምስር ሾርባ" ይላል ከታች። እኔ ያረምኩትን ወረቀት ደግሞ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፎታል፣ እንደ ዲፕሎማ። ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ሾርባውን አዘዝን።

ቡናማ ነው። ቀጭን ነው። ምስር ይዋኝበታል። ጨው የለውም።

ድንቢጥ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። ድንቢጥ ማንኪያ ስታስቀምጥ አይቼ አላውቅም።

"የኔ ልጅ፣ የፊተኛውን ምን አደረግኸው?"

"እማማ አስተማረኝ። ምስር አለ፣ እኔ ምስር ጨመርኩ። ጨው ቀንስ አለ፣ ቀነስኩ።"

"በፊትስ ምስር አልነበረም እንዴ?"

"አይ። ሚስት። የኔ ሚስት ሾርባ። እሱ ሠራ፣ እኔ ተማርኩ።"

እኔ ደግሞ... አፌን ምን ነካው? "እሱ አይባልም፣ እሷ ነው" አልኩ!

"እሷ" አለ ቀስ ብሎ። "እሷ ሞተ።"

"ሞተች" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። በዕድሜዬ የዋጥኳት የመጀመሪያዋ እርማት እሷ ናት።

ሾርባዬን ጨረስኩት። ጨረስኩት እንጂ ምን አደርጋለሁ?

ውጭ ስንወጣ ድንቢጥ መሀል መንገድ ላይ ገትራ ያዘችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያን ቀን ሳሕኑ ውስጥ አንዲት ፍሬ ምስር አይተሽ ነበር?"

"ፊደሉ..."

"ፊደሉን ተይው! ሳሕኑን ነው የምልሽ!"

የቦርሳዬን ዚፕ እከፍት እዘጋ ጀመር።

"ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቂ። እስክትጠይቂ ድረስ ከአንቺ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀርብም። ኀሙስም የለም፣ ምሳም የለም።"

"ለሾርባ ብለሽ?"

"ለሾርባ ብዬ" አለችና ታክሲ ውስጥ ገባች። ደኅና ዋይ እንኳ ሳትለኝ።

ጥቅምት 19

ምስር አልነበረበትም። ዱባ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ኀሙስ

ምሳ እቤቴ፣ ብቻዬን። አንድ እንቁላል፣ አንድ ዳቦ። የምሳው ሰዓት እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?

ድንቢጥ ጋ ደወልኩ።

"ጠየቅሽው?"

"ስለ አየሩ ልነግርሽ ነበር..."

ዘጋችው።

ልጄ "ተጣላችሁ እንዴ እማዬ?" አለችኝ። በሰዋስው ጉዳይ አልተስማማንም አልኳት። ውሸት አይደለም።

ጥቅምት 28

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ተሳስተሃል። ተሳስተሻል። ተሳስታለች። ተሳስተዋል። እንዴት ያምርብኛል! በሁሉም መደብ ይወጣልኛል። አንደኛ መደብ ነጠላ ላይ ስደርስ ግን መስታወቱን መወልወል እጀምራለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ይህችን አንድ ግሥ ማርባት አቃተኝ?

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ገና አልከፈተም፤ በመስኮቱ አየኝና ከፈተልኝ። አንድ ትሪ ምስር ዘርግቶ ይለቅማል። ምስር! በእኔ ትእዛዝ።

"ተሳስቻለሁ" አልኩት። ገና በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳይጠፋብኝ።

"ምን ላይ? ዓሣ ላይ?"

"ዓሣው ደኅና ነው። ሾርባው ላይ። የአንተ ትክክል ነበር። እኔ ሳላይ አረምኩ።"

ትሪውን ገፋ አደረገው። ወንበር ሳበልኝ። ስለ ጨው የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ መጨረሻዋ ላይ ታማ ምላሷ ጣዕም አይለይም ነበር፤ ጨው ትጨምራለች፣ አልጣፈጠም ትላለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ይጽፍ ነበር።

"ያኔ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀረ" አለኝ።

እኔ ደግሞ ከሥሩ "ጨው ይቀነስ። በርታ።" ብያለሁ። ምነው መሬት በዋጠችኝ።

ተነሥቼ ወረቀቱን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ነቀልኩት። ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

"አርመኝ።"

ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም። 6 ከ10 ያልኩትን ሰረዘና ከጎኑ ጻፈ። መዳፌን ጀርባዬ ላይ እንደ ልጅ ደብቄ ነበር... ምን ያስደብቀኛል? 7 ከ10።

"ሰባት? ለምን ሰባት?"

"ዘገየህ።"

"ዘገየሽ በል" አልኩት።

"አንቺ? እርስዎ አይደለም?"

"አንቺ ይበቃል።"

ኅዳር 2፣ ኀሙስ

ድንቢጥ ጋ ደወልኩ። "ተሳስቻለሁ ብያለሁ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሰባት ሰጠኝ።"

"ከአሥር? ሰውዬው ደግ ነው። እኔ ብሆን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ሦስት ነበር የምሰጥሽ።" ከዚያ ድምፅዋ ለወጥ አለ። "አለቃ፣ ያለፈው ኀሙስ ቤቴ ምን እንደበላሁ ታውቂያለሽ? ምስር።"

እስኪያስለን ሳቅን።

ኅዳር 9፣ ኀሙስ

መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ። አዲሱን ሜኑ በእጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፣ በቁም ጽሕፈት። ሥጋው በንጉሡ ሠ፣ ዶሮው ጥብስ። ከታች፣ ከሌሎቹ ተለቅ ባለ ፊደል፣ "የሚስት ሾርባ"።

ሾርባው መጣ። ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ ትኩስ። ድንቢጥ ለቀም፣ ለቀም...

ከጎናችን ባለ መነጽር ሰውዬ ተቀምጧል፣ ክራቫቱ እንደ ማስመሪያ የቀና። ሜኑውን እያነበበ ፈገግ አለ። አወቅሁት፤ የእኔ ዘር ነው፣ የአራሚ ዘር።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል? ምስር ለማለት ፈልገው ሚስት ብለውታል። ላርምላቸው ብዬ ነው።"

ቀዩ እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ድንቢጥ ታውቃለች። በጠረጴዛው ሥር በጫማዋ ነካችኝ።

"የለኝም" አልኩ። "ደግሞም አልተሳሳቱም። አስቀድመው ይቅመሱት።"

አዘዘ። ቀመሰ። ፊቱን ጨፈገግ አደረገ።

"ጨው በዝቶበታል።"

"አዎ" አልኩት። "እንደዚህ ነው የምትሠራው።"

ባለቤቱ ሳሕን ይዞ ሲያልፍ ሰማኝ። ቆም አለ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ድንቢጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "አለቃ፣ የምትሠራው ነው ወይስ ትሠራው የነበረው? የግሡ ጊዜ ስህተት ነው።"

"ዝም ብለሽ ብዪ" አልኳት።