ለክንዱ የጻፍሁት

ቡሬ አጠገብ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ አጎቴ የኔታ ወልደ ዮሐንስ፣

ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ከገቡ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ጣሊያን ቢያስመርረንም ተመስገን፣ አለን። ዛሬ የምጽፍልዎ ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ዳዊት መገልበጥ ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን «አንቺ እኮ ጸሐፊ ነሽ» አሉኝ። ሳቅሁ። የሌላውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እገለብጣለሁ እንጂ ከራሴ ማውጣት ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ሴት ጸሐፊ ብሎ ሰው እንዳይስቅብኝም እፈራ ነበር።

የእማማ ቻይነሽን ልጅ ክንዱን ያውቁታል፤ ያ ሲያርስ በሬዎቹን እንደ ሰው የሚያጫውታቸው። መስከረም ላይ ጣሊያን መንደሩን ሊያቃጥል ሲመጣ፣ ሴቱና ሕፃኑ እስኪሸሽ የወንዙን መሻገሪያ ብቻውን ይዞ ሲተኩስ ወደቀ። ጣሊያኖቹ ግን ቡሬ ገበያ ላይ «ከብት ሲሰርቅ የተገደለ ሽፍታ» ብለው አስለፈፉበት። እማማ ቻይነሽ እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄን ሁለቴ ገደሉብኝ። ፊደል ታውቂ የለ? እንደነበረ አድርገሽ ጣፊልኝ፤ በአርባው ይነበብለት» አሉኝ።

እንዴት እንቢ ልበል? መጀመሪያ «እንደ አንበሳ» ምናምን ብዬ ጻፍሁ። ክንዱ ቢሰማኝ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ፋቅሁት። እንደገና ጻፍሁ፣ እንደገና ፋቅሁ፤ ብራናው ሊበሳ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ስለ በሬዎቹ ጻፍሁ። «እኔም ፈርቻለሁ፣ እናንተ ቶሎ በሉ» ሲል የሸሹት ሴቶች ሰምተውታል፤ እሱንም ጻፍሁት።

በተዝካሩ አባ ገብረሰንበት አነበቡት። ሰዉ በበሬዎቹ ሳቀ፣ መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ አለቀሰ። የመጽሐፍ ወግ ነውና መጨረሻው ላይ በጸሐፊው ክርስትና ስም ሊጸልዩ ሲሉ ቆም አሉ። የስሙን ቦታ ባዶ ትቼው ነበር።

«የጸሐፊው ስም የለም። ለማን ነው የምንጸልይ?» አሉ።

እማማ ቻይነሽ እያወቁ፣ እንዳያጋልጡኝ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። መካከላችን ባንዳ አይጠፋም፤ ስሜ ጣሊያን ጆሮ ቢገባ ቤቴ ይቃጠላል። ግን የክንዱን ስም አስመልሼ የራሴን ልደብቅ? ተነሣሁ።

«ወለተ ጊዮርጊስ ነው፣ አባ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ» አልሁ።

አንድም ሰው አልሳቀም። አባም ስሜን ጠርተው ጸለዩ፤ ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከዚያ እማማ ቻይነሽ እልል አሉ፤ ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው። የኔታ፣ በተዝካር እልልታ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ሰማሁ! ደስታዬን የማደርስበት አጣሁ።

ትናንት ደግሞ አንዲት እናት ከአገው ምድር በእግራቸው መጥተው ደጄ ቆሙ።

«የጸሐፊዋን ቤት አሳዪኝ፣ ልጄ። የወደቀ ልጅ አለኝ፣ ላስጥፍለት ነው» አሉ።

ድሮ ቢሆን ሌላ ቤት እጠቁማቸው ነበር።

«ደርሰዋል፣ እናቴ። ይግቡ» አልኋቸው።

አሁን ብርዑን እየቀረጽሁ ነው፤ እሳቸውም እዚሁ አድረው አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ይነግሩኛል። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ወለተ ጊዮርጊስ፣
ጸሐፊ