የሞተ ሰው ጥይት

ውድ ዴልማር፣

ሽጉጥህን አልሸጥኩትም። ሌላ ወሬ ከማብዛቴ በፊት ይህን እወቅልኝ። ወንድምህ ክላይድ ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠርቶልኝ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ በፖም የተጋገረ ፓይ አብልቼ ሸኝቼዋለሁ።

ከሞትክ ስምንት ወር ሆነህ። ለቀብርህ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ያመጡት በአይብ የተጋገረ ድንች ከማቀዝቀዣው ያለቀው ገና ባለፈው ወር ነው። ሰዉም እንደ ድንቹ ሆኖብኛል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ይመጣል። "ቬርና፣ ብቻሽን እዚያ ወንዝ ዳር ምን ትሠሪያለሽ?" "ቬርና፣ በረዶው ሳይጥል ከተማ ግቢ።" የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? እኔ ግን አልወደቅኩም፤ የወደቅከው አንተ ነህ። ይቅር በለኝ፣ ስናደድ እንዲህ እንደምናገር ታውቃለህ።

ፖሙ ሲበስል ግሪዝሊ ድብ መጣ። ከወጥ ቤቱ በር እስከ ዛፉ አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ አንተው ራስህ ለክተኸዋል። ትልቁን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ተቀምጦ ይበላል። ድስት እየደበደብኩ ጮህኩበት፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ገልመጥ አድርጎኝ ቀስ ብሎ ሄደ። ስህተቴ ይህን ለክላይድ መናገሬ ነው። በማግሥቱ ፒካፑን አስነሥቶ ከተፍ አለ።

"ስሚኝ ቬርና" አለ፣ ሁለተኛውን ቁራሽ ፓይ እየጎረሰ። "ያ ሽጉጥ አርባ አራት ማግነም ነው እኮ! ሲራገጥ ግንባርሽን ነው የሚልሽ።"

"ከወንድምህ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ከእሱ የባሰ የሚራገጥ ነገር አላየሁም።"

"ቀልዱን ተይው። እሺ፣ በምንድን ነው የምትተኩሺው? የሱቁ የጥይት መደርደሪያ ከበጋ ጀምሮ ባዶ ነው። ጋራዥ ያለው ደግሞ ዴልማር በእጁ የሞላው፣ የሞተ ሰው ጥይት ነው። የሞተ ሰው የሞላው አይተኮስም፤ ይፈታል፣ ባሩዱ ሣር ላይ ይደፋል፣ አለቀ። ዴልማር ራሱ ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚልሽ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ሽጉጡን ለእኔ ስጪኝ። ቤቱን እንሽጥልሽ። ቢሊንግስ ከተማ ዶሪን ጋ ባዶ ክፍል አለ። እህታችን ናት፣ ደስ ይላታል።"

ዶሪን ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። የዶሪን ሦስት ድመቶች ግን ደስ አይላቸውም፤ እኔም ደስ አይለኝም። እዚህ ቤት ውስጥ ነው እርጅናዬን የምጨርሰው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላና እንዲህ አልኩት፤ "ቅዳሜ የተኩስ ክበቡ ጋ እመጣለሁ። በዚህ ሽጉጥ፣ ጋራዥ ባለው ጥይት፣ ስድስት እተኩሳለሁ። አንዱ እንኳ ከከሸፈ ወይም ሽጉጡ አልተኩስ ብሎ ከተያዘ፣ ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ቢሊንግስ ነኝ።"

"አብደሻል" አለኝ። ሦስተኛውን ቁራሽ ሳይበላ ሄደ፤ ከዚህ ምን ያህል እንደደነገጠ መገመት ትችላለህ።

አሁን ደግሞ በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ።

ሕግህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው በሞላው ጥይት አይተኮስም። "የጥርስ ብሩሽ ነው" ትል ነበር፤ "ለሚስት አይሰጥም፣ ከሚስትም አይወሰድም።" የክበቡም ደንብ ያው ነው፤ በሳጥኑ ክዳን ላይ ምን እንደተሞላ ይጻፋል፣ በሳጥኑ መቀመጫ ሥር ደግሞ ማን እንደሞላው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልከው። እኔ የተተኮሱትን ባዶ ቀልሃዎች ከመዳፍህ ተቀብዬ አጥባለሁ፣ የተሰነጠቀውን ለይቼ እጥላለሁ። ባሩዱና አረሩ የአንተ ነው። "አንቺ እጠቢ፣ እኔ አበስላለሁ" ትለኝ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ይህ ክፍፍል ሠርቶ አያውቅም።

ከዚያ ሾርባው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርክ። ስቄ አለፍኩት። ሌላ ቀን ውሻችን ሁለት ጊዜ ቁርስ በላ፤ እሱ እንኳ ቅር አላለውም። አንድ ጠዋት ግን ሳንድዊች ይዤልህ ጋራዥ ስገባ ባሩድ ስትሞላ አየሁህ። ሃምሳ ቀልሃ በእንጨቱ ማቆሚያ ላይ ተደርድሯል። የመጀመሪያውን ረድፍ ሞላህ። ስልኩ ጮኸ፤ ክላይድ ነበር፣ ስለ ጎማ አወራችሁ። ተመለስክና ያንኑ የመጀመሪያውን ረድፍ እንደገና ጀመርክ። ለልምምድ የምትጠቀምበት ደቃቁ ባሩድ ነበር፤ የቀልሃውን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ሁለት ጊዜ ቢገባም አይፈስም። በእጅ ባትሪ ቀልሃውን አንድ በአንድ ሳታይ አረር ሰክተህ አታውቅም። ያን ቀን ባትሪውን አላነሳኸውም።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ሰናፍጭ አለው?" አልከኝ፣ ሳንድዊቹን እያየህ። "አለው" አልኩህ። ፈሪ ነበርኩ ዴልማር። ሐኪሙ መኪና እንዳትነዳ የከለከለህ በዚያው ሳምንት ነበር፤ ይህንንም እኔ ልቀማህ?

ምሳ በልተህ፣ የመስሚያ መሣሪያህን መስኮቱ ላይ አስቀምጠህ እንደ ልማድህ ጋደም አልክ። እኔ ጋራዥ ገብቼ የጥይት መንቀያውን መዶሻ አነሳሁ። ሃምሳውንም አንድ በአንድ እየመታሁ ፈታኋቸው። አሥሩ ውስጥ ድርብ ባሩድ ነበር። አንዱ ውስጥ ጭራሽ ምንም አልነበረም። ድርቡ ሽጉጡን እጅህ ላይ ይበትነዋል፤ ባዶው ደግሞ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ወትፎ ያስቀረዋል፣ የሚቀጥለው ሲመጣ አፈሙዙን ያፈነዳዋል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ የሙሌት መጽሐፍህን አወረድኩ፣ ሚዛኑን አስተካከልኩ፣ ሃምሳውንም ራሴ ሞላሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይህ ኖሬ የለ! ባትሪውን በእያንዳንዱ ቀልሃ ውስጥ አበራሁ። መልሼ በሳጥንህ፣ በአንተ ጽሕፈት ሥር ደረደርኳቸው። ከሳጥኑ ሥር የአንተ ስም እንዳለ ስለማውቅ ገልብጬ አላየሁም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጠዋት አንተ ትሞላለህ፤ ከሰዓት እኔ እፈታና እንደገና እሞላለሁ። ቅዳሜ ክበቡ ጋ እወስድሃለሁ፣ ትተኩሳለህ። የተኩስ መሪው ጎርዲ "ሽማግሌው እጁ አልከዳውም!" ሲል አቀርቅሬ ሹራቤን እሠራለሁ። ሳታውቀው በሚስትህ የጥርስ ብሩሽ ስትጠቀም ኖርክ ማለት ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። ያ ባለፈው ዓመት ጸደይ የሆነው፣ ለድብ የሚሞላውን ከባዱን ጥይት የተኮስክበት ቅዳሜ። ሁለት ተኮስክ፤ ሦስተኛው ላይ ጥይቶቹን የሚይዘው ተሽከርካሪ አልዞር አለ። ቃታውን ብትጎትት፣ በመዳፍህ ብትገፋው፣ ወይ ፍንክች። ሽጉጡ ሲራገጥ ያልተተኮሱት አረሮች ከቀልሃቸው እየተንፏቀቁ ወጥተው ተሽከርካሪውን ወጥረው ይዘውታል። ድብ ፊትህ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሞተሃል። ይህ የሚሆነው የቀልሃው ከንፈር በአረሩ ላይ በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። ያላጠበቅኩት እኔ ነበርኩ። ቀልሃውን እንዳልጨፈልቀው ፈርቼ የማጥበቂያውን ብሎን አላላሁት።

ሰዎቹ ሁሉ ያዩህ ነበር። ክላይድ "ምን ሆነ?" አለህ። አንተ ሽጉጡን ወደ ብርሃን አዙረህ አረሮቹን አየህ። ከዚያ "ከንፈሩን አላጠበቅኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አርጅቻለሁ" አልክ።

ስድሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ እኔ እየነዳሁ አንተ በመስኮት ስታይ ተጓዝን። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። በማግሥቱ የማጥበቂያው ብሎን ትንሽ ዞሮ አገኘሁት፤ የራስህ ጥፋት መስሎህ ያስተካከልከው መሰለኝ። እጄ በሠራው ስህተት እጅህን እንድትጠረጥር አደረግኩህ። ካደረግኩብህ ነገር ሁሉ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የተወራረድኩበት ቅዳሜ ደረሰ። የአንተን ትልቁን ኮት ለብሼ ሄድኩ። ከወትሮው ሁለት እጥፍ ሰው መጥቷል፤ ክላይድ አፉ መቼም አያርፍም። ራሱ ግን ከሲሚንቶው ምሰሶ ጀርባ ቆሟል፣ አፍንጫው ብቻ ይታያል።

"ክላይድ፣ ሽንት ቤት ፈልገህ ነው ወይስ ፈርተህ?" አለው ጎርዲ።

"ሽጉጡ ሲፈነዳ አምቡላንስ የሚጠራ ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል" አለ ወንድምህ።

ከባዱን ጥይት ነው የያዝኩት፤ ያንኑ የድቡን። ሽጉጡን ስድስት አጎረስኩት። ጎርዲ ተኩስ መፈቀዱን ጮኾ ተናገረ። የመጀመሪያው እጄን ሽቅብ ወደ ጣሪያው ላከው፤ ሃያ አምስት እርምጃ ላይ ያለው የዒላማ ብረት ሲጮኽ በጆሮ መከላከያው ውስጥ እንኳ ሰማሁት። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ተሽከርካሪው ዞረ። አራተኛው ሳተ፤ ሳተ ብዬ ነው የምነግርህ፣ አልዋሽህም። አምስተኛውና ስድስተኛው ብረቱን መቱ። ቀልሃዎቹን መዳፌ ላይ አራገፍኳቸው፤ ትኩስ ነበሩ። የሚቀበለኝ ሰው ስለሌለ ኪሴ ከተትኳቸው።

ክላይድ ከምሰሶው ወጣ። "እሺ፣ ዕድለኛ ነሽ። ዴልማር እስከ መጨረሻው ጥሩ ጥይት ሞይ ነበር። ግን ይብቃሽ፣ የሞተ ሰው ጥይት..."

"የሞተ ሰው አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ የሞላሁት።"

"አንቺ?" ሳቁ መጣ። "ሽንኩርት ስትከትፊ ዓይንሽን የምትጨፍኚው አንቺ? ይኸው የወንድሜ ጽሕፈት!" ሳጥኑን ከጠረጴዛው ብድግ አድርጎ ክዳኑን አሳየኝ። ከዚያ፣ እንደ ደንቡ፣ ስምህን ሊያሳየኝ ገለበጠው።

ሳቁ ቆመ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሳጥኑን ሰጠኝ።

ስምህን በአንድ መስመር ሰርዘኸዋል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያ ዶሮ በጫረው በሚመስለው ጽሕፈትህ፣ "የሞላችው፦ ቬርና። ከንፈሩ አሁን ጥሩ ነው" ይላል። ቀኑ ሽጉጡ የተያዘበት ቅዳሜ ማግሥት ያለው እሑድ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ልንገርህ። ታውቅ ነበር! ያን ሁሉ መንገድ በመስኮት እያየህ ታውቅ ነበር። እዚያ ሰዎች ፊት ጥፋቴን ወስደህ፣ ቤት ስንመለስ ብሎኑን አዙረህልኝ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቁጭ ብለህ እንደምፈታው የምታውቀውን ጥይት ሞላህ። ከወንድምህ የማትወስደውን፣ ከማንም የማትወስደውን፣ ከእኔ ወስደህ ተኮስክ። አንድ ቃል ሳትተነፍስ! አንተ ግትር ሽማግሌ። ሁሉም ሰው እያየኝ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ክላይድ ጠጋ አለኝ። መሬት መሬት እያየ "ቬርና... አንዷን ልሞክራት?" አለኝ። ወንድምህ በስድሳ ሁለት ዓመቱ የሌላ ሰው ሙሌት ተኩሶ አያውቅም። ጎርዲ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አይሆንም" አልኩት።

"ለምን?"

"የጥርስ ብሩሽ ነው።"

ቢሊንግስ አልሄድኩም፤ አልሄድምም። ክላይድ ትናንት መጥቶ የተገነጠለውን ቅርንጫፍ በመጋዝ ቆርጦ አነሣልኝ፣ ስለ ቤት ሽያጭ ትንፍሽ አላለም። ከበረዶው በፊት ሌላ ሃምሳ እሞላለሁ። ድቡም ቢመጣ መንገዱን ያውቃል፣ እኔም እዚሁ ነኝ።

ቅዳሜ ከክበቡ እንደተመለስኩ ጋራዥ ገብቼ ሳጥኖቹን ሁሉ ገለበጥኳቸው። ሰባቱ ላይ ስሜ አለ። ስምንተኛው፣ ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት በነበረው ጠዋት የሞላኸው፣ ልፈታው ያልደረስኩበት ነው። እሱ ላይ "የሞላው፦ ዴልማር" ይላል።

የሞተ ሰው ጥይት አይተኮስም ይላሉ፤ እሺ፣ አልተኩሰውም። ይፈታል ይላሉ። ይህንን ግን፣ ክላይድ ቢመጣ፣ ክበቡ በሙሉ ቢመጣ፣ አልፈታውም። ክዳኑን በሽቦ አስሬ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከባትሪህ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ሚስትህ፣
የሞላችው ቬርና