የተለጠፈው ጓንት

ሙራኖ ደሴት፣ የመስታወት ፋብሪካ፣ 1958

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ጭጋግ። አርክቴክቱ ከሚላኖ መጣ። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ የሚሰቀለውን ነጭ የመስታወት ኳስ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ «አሁንም ያብረቀርቃል። ውስጡ አምፖል መኖሩ እንዳይታወቅ!» አለ። ማለት ቀላል ነው... መስታወቱ እንዲደበዝዝ አሲድ ውስጥ ሁለት ጊዜ መንከር ማለት ነው። አርባ ኳስ፣ እስከ ዓርብ። የአሲድ ክፍሉ ኃላፊ እኔ፣ የምትነክረው እህቴ ኖርማ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
የኖርማ ጓንት አውራ ጣቱ ላይ ተቀደደ። አዲስ የሚታደለው በጃንዋሪ ብቻ። እንደ ልማዳችን በብስክሌት ጎማ ልጣፍ ደፈንኩት። «የሠርግ ቀሚሴንም በዚሁ ጣፍልኛ» ብላ ሳቀችብኝ። ሠርጓ ለፌብሩዋሪ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ሠላሳ አንድ ደረስን። የፖሌንታ ገንፎ ስንበላ፣ «ቱሊዮ፣ ጣቴን ይነዝረኛል» አለች። አየሁት። ትንሽ ቅላት እንጂ ቁስል የለውም። «ብርዱ ነው፣ አታካብጂ» አልኳት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7
ዛሬም ነከረች። አርባው ሞላ። ቀትር ላይ ጮኸች... እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።
ይህ አሲድ ሲነካ አያቃጥልም። ውስጥ ለውስጥ ሄዶ አጥንት ይበላል። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህን የምናገረው እኔው ነኝ። ለገዛ እህቴ ግን ብርድ ነው አልኩ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
በጀልባ ቬኔዚያ፣ ሆስፒታል። ሐኪሙ ጣቷን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ትናንት የት ነበራችሁ?» አለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11
የቀኝ እጇን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆረጡ። ባለቅስም አልወጣልኝ አለ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20
አለቃችን ሲኞር ቦልድሪን አስጠራኝ። «ልጅቷ ጓንት አላጠለቀችም ነበር፣ አይደል?» ይህንኑ የሚል ወረቀት ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ። ፈረምኩ። ከሥራ ብባረር ማን ያበላናል? ... ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14
ኖርማ ቤት ገብታለች። ፀጉሯን መጎንጎን አቃታት፤ እኔ ሞከርኩ። ከኋላዋ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊርማውንም ጭምር።
«ልጣፉ መነሳቱን ሐሙስ ጠዋት አይቼዋለሁ» አለች።
«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»
«አርባው ባይሞላ የሚሰደበው አንተ ነህ ብዬ።»
ማበጠሪያውን በግራ እጇ ተቀበለችኝ።
«በቃ፣ ተወው። እማዬን ጥራልኝ።»
ሄጄ ጠራኋት።