እጅ ያልነካው ጥርስ፦ የወይዘሮ ሳላኒየታ ማኤላ የሕይወት ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1959–2021)

ወይዘሮ ሳላኒየታ ማኤላ ከአባታቸው ከአቶ ኢሊያሴሪ ማኤላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራይጄሊ በ1959 በፊጂ፣ ከሱቫ ከተማ በላይ ባለችው በዋይሎኩ መንደር ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው ሸንኮራ አገዳ እንዲቆርጡ ከሰለሞን ደሴቶች በመርከብ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አያውቅም፤ የሚናገረው ፊጂኛ ነው፣ የሚቀበረውም በፊጂ አፈር ነው።

ትምህርታቸውን በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1978 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን በጥሩ ውጤት አለፉ። የነፃ ትምህርት ዕድል ለመጠየቅ በሄዱ ጊዜ ግን፣ ለአገሬው ተወላጆች በተከፈተው መስኮት ያለው ጸሐፊ፣ «እህቴ፣ ቤተሰብሽ በጎሳ መዝገብ የለም፤ ወደዚያኛው ሂጂ» አላቸው። ለሕንድ ዝርያዎች በተከፈተው በዚያኛው መስኮት ያለችው ሴት ደግሞ ቀና ብላ አየቻቸውና ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ይሄን ፀጉር ይዘሽ ነው ከእኛ ጋር የምትሰለፊው? የአገሬው ልጅ አይደለሽ እንዴ?»

ሳላኒየታ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ብዙ ቆሙ። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ እየተማሩም በ1988 የመጀመሪያ፣ በ1994 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ ወደ ቤተ ሙከራ ረዳትነትም ከፍ አሉ። በዚህ መሃል በ1985 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ቪሊያሜ ጋር ተጋብተው ሊቲያንና ሴሩን ወለዱ። ሲስቁ ጎረቤት የሚሰማቸው፣ ሲናደዱ ካሳቫ የሚልጡ እናት ነበሩ፤ ልጆቹ የተላጠውን ክምር አይተው ነበር ቀኑ እንዴት እንደዋለ የሚያውቁት።

በ1996 በኬሚስትሪ ክፍሉ የመምህርነት ቦታ ተከፈተ፤ እሳቸውም ተወዳደሩ። ቦታው በትምህርትም በልምድም ለሚያንስ ሰው ተሰጠ። ምክንያቱን ሲጠይቁ የክፍሉ ኃላፊ፣ «ሳላ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ብንወስድሽ ከየትኛው ወገን እንቆጥርሻለን?» አሏቸው።

«በኬሚስትሪው ቁጠሩኛ!»

ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። የጠየቁት ውድድሩ እንደገና እንዲታይና ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው በሥራው ብቻ እንዲመዘን ደንብ እንዲወጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መልስ አልጻፈም። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎች የዓሣ ነባሪ ጥርስ አስይዞ ወደ ታላቅ ወንድማቸው ወደ አቶ ኦሴያ ቤት ላከ። ተበዳዩ ወይም የቤቱ ታላቅ ያንን ጥርስ በእጁ ከተቀበለ በደሉ ተቀበረ፤ ዳግመኛ ማንሳት ነውር ነው።

ሽማግሌው ጥርሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ተናገሩ። አቶ ኦሴያ እጃቸውን ዘረጉ። በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጡት ሳላኒየታ፣ «ጋሼ ኦሴያ፣ እጅህን መልስ» አሉ። አቶ ኦሴያ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይቅርታ እኮ ነው ያመጣንልሽ» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ ይቅርታውንማ በደስታ ነበር የምቀበለው። ግን አብሮት ዝም በይ የሚል መጥቷል። ነገ ሌላ ልጅ እዚያ መስኮት ላይ ስትቆም ምን ልበላት?»

ሽማግሌዎቹ ጥርሱን እንደያዙ ወጡ። ለዕርቁ የተበጠበጠውን ካቫ፣ የሥር መጠጡን፣ የጠጣ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ አሳምሮ መጻፍ እሳቸውን መዋሸት ይሆናል። ደንቡ አልወጣም። በ2014 ጡረታ እስኪወጡም የቤተ ሙከራ ረዳት እንደሆኑ ቀሩ። ገበያ ሲወርዱ፣ «እነሆ፣ ጥርስ የምትመልሰዋ ልዕልት መጣች!» የሚሏቸው ነበሩ። ከሁሉ በላይ የጎዳቸው ግን የአቶ ኦሴያ ዝምታ ነው። ወንድማቸው በሰው ፊት እንደተዋረዱ ቆጥረው በደጃቸው ማለፍ ተዉ። ሳላኒየታ ለባለቤታቸው፣ «ቪሊ፣ ልክ ነበርኩ። ግን ልክ መሆን ወንድም አይሆንም» ይሉ ነበር።

የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ጎድቶ በ2021 ሆስፒታል ሲተኙ አቶ ኦሴያ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ እግራቸውን አሹላቸው። በመጨረሻም፣ «ሳላዬ፣ በሰላም እንድትሄጂ ያንን ጥርስ ልቀበልልሽና ነገሩ ይዘጋ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንተ መጣህልኝ፤ ሰላሜ እሱ ነው። ያኛው በደል የእኔ ብቻ አይደለም፤ አትዝጋብኝ።»

ወይዘሮ ሳላኒየታ መጋቢት 9 ቀን 2021 በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ዛሬ ለቀብሩ፣ ለሐዘንም እንደሚቀርበው ወግ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ እንደሚመጣ መልእክት ልኮልናል። አቶ ኦሴያ ይህ በሁሉም ፊት እንዲነበብ አዘዋል፦ ለሐዘናችን የመጣውን ጥርስ እያለቀስን በምስጋና እንቀበላለን። ለ1996ቱ በደል የመጣ ከሆነ ግን ይመለስ፤ የእህቴ ጥያቄ መልስ አላገኘም።

የደከመችን ነፍስ የሚያውቅ ጌታ እህታችንን፣ እናታችንን በዕረፍቱ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ያድለን። አሜን።