እየሳቅኩ አልነበረም

አርብ፣ ሜይ 11 ቀን 2012

እንግዳ! "ለጉብኝት የመጣች እንግዳ ልጅ" ብለው ጻፉብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጭቃቸውን ያቦካሁ፣ ጅረታቸው ውስጥ ጫማዬን የጣልኩ፣ የላሞቻቸውን ስም በቃሌ የማውቅ እኔ ዘይነብ፣ እንግዳ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ከሥራ ስመለስ ልጄ ሀያት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ፣ "ማማ፣ ያ ያደግሽበት የእንግሊዝ መንደር ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ። በጀርመንኛ ነው ያለችው፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ኔዘር ኮምብሊ አልኳት። ወዲያው አገኘችው። የመንደሩ ታሪክ ወዳጆች የድሮ ፎቶ ሰብስበው ገጽ ከፍተዋል። ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ፣ በጎርፍ የተወሰደው ድልድይና በቦታው የተሠራው አዲሱ አለ። አንዱ ፎቶ ላይ አሥራ አንድ ልጆች የድንጋይ አጥር ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል። አሥሩ በየስማቸው ተጽፈዋል። ጥግ ላይ ያለችው፣ ሹሩባ የተሠራችው፣ እጇን አፏ ላይ የጫነችው እኔ ነኝ። ከሥሬ፦ "ለጉብኝት የመጣች እንግዳ ልጅ፣ እየሳቀች።"

አንደኛ፣ እንግዳ አልነበርኩም። ሁለተኛ፣ እየሳቅኩ አልነበረም። አፌ እየደማ ነበር!

ከታች ጥሪ አለ። በጅረቱ ዳር ያለውን እርሻ በቅርቡ የገዛ ሰውዬ የእግር መንገዱን በሽቦ አጥሮታል። መንገዱ የሁሉም ነው ለማለት፣ መንገዱ የሚያበቃበትን የጥንት የድንበር ድንጋይ ማግኘት አለባቸው። ድንጋዩን ደግሞ አይቼዋለሁ የሚል እንጂ የት እንደነበር የሚያውቅ ጠፍቷል። ሰውዬው፣ "ድንጋይ የሚባል ኖሮም አያውቅ" ባይ ነው። በመንገዱ ጉዳይ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ማስረጃ የሚቀበለው እስከ መጪው አርብ ብቻ ነው።

ድንበር ገፊ በየአገሩ አለ ለካ።

የት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ጥርሴ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 12

ፍሩህሺሽት፣ የማለዳ ፈረቃ፣ ነበረኝ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ባለው ዳቦ ቤታችን ውስጥ ቆሜ ዳቦ ስሸጥ ዋልኩ። ደንበኛ ፋታ ሲሰጠኝ የዳቦ ከረጢት ጀርባ ላይ የማስታውሰውን ጫርኩ፦

የአባቴ ቦት ጫማ በሩ ሥር፣ ሁልጊዜ እርጥብ።
የትምህርት ቤቱ ወተት፣ ክረምት ላይ በረዶ የሚሠራው።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደወል የሚለማመዱት ሰዎች፣ አንደኛው ሁሌ የሚሳሳተው።
ድልድዩ። ድንጋዩ።

አባቴ እዚያ የሄደው የእርሻ ትምህርት ሊማር ነበር፣ እናቴንና እኔን ይዞ። አገር ቤት መንግሥት ሲገለበጥ የላኩት ሰዎች ተበተኑ፣ እሱም ላም አላቢ ሆኖ ቀረ። ስንገባ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሥር ሲሞላኝ አጎቴ ወዳለበት ወደ ፍራንክፈርት መጣን። አባቴ "አማርኛሽ ይጠፋል" ብሎ በቀን አምስት መስመር ያስጽፈኝ ነበር። እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ይኸው እጽፋለሁ። ዛሬማ አምስት መስመር አይበቃኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፀደይ፣ ክርስቶስ ያረገበት በዓል ሲደርስ፣ ቄሱ የመንደሩን ልጆች ይሰበስቡና ድንበሩን ያዞሩናል። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው እርምጃችንን ጮክ ብለን እንቆጥራለን። የድንበር ድንጋይ ጋ ስንደርስ አንዱ ጎረምሳ ልጅ ያነሣና ቁልቁል ዘቅዝቆ ጭንቅላቱን በቀስታ ድንጋዩ ላይ ያስነካዋል። እንዳይረሳ! ከዚያ ዘቢብ ያለው ጣፋጭ ዳቦ ይሰጠዋል። እናቴ "የክርስቲያን በዓል ነው፣ አትሄድም" ብላ ነበር። አባቴ ግን፣ "ድንጋይ ሃይማኖት የለውም፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሂድ" አለ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እንደ ዓሣ ተንፈራገጥኩ፣ ከጎረምሳው እጅ አመለጥኩና በአፌ ድንጋዩ ላይ ወደቅኩ። የፊት ጥርሴ ግማሹ እዚያው ቀረ። ዳቦውንም አልበላሁት። ፎቶው የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። ከአዲሱ ድልድይ ጫፍ፣ ጅረቱን በግራ ይዞ ስልሳ ሁለት እርምጃ፣ ገጻቸው ላይ ከሚታየው ሽቦ ውጭ፣ ቁጥቋጦው ሥር። ሀያት ላከችልኝ።

እሑድ፣ ሜይ 13

መልስ የለም። እንደ ሁልጊዜው ለአቦይ ተስፋይ ዳቦ ይዤ ጊንሃይም ሰፈር ሄድኩ። አቦይ ተስፋይ ኤርትራዊ ናቸው፣ ጡረተኛ፣ ከአባቴ ጋር እንደ ወንድም የነበሩ። አሥመራ አማርኛ ተምረው በወጣትነታቸው ከመሬት ቀያሾች ጋር ሰንሰለት እየጎተቱ ሠርተዋል። ነገሩን ስነግራቸው የምጽናናበት ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

"እኛም ዘንድ ድንበር ሲተከል ልጅ ይጠራል" አሉ። "ሽማግሌው ነገ ይሞታል፣ ልጅ ይቆያል። አንዳንዱማ ልጁን በጥፊ ይለዋል፣ እንዳይረሳት።"

"እርስዎንም በጥፊ ብለውዎታል?"

"ሁለቴ!" ብለው ሳቁ። "ድንበሯን እስከ ዛሬ አሳይሻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጓለይ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 14

መልሱ መጣ። የታሪክ ወዳጆቹ አለቃ ሚስተር ሃዋርድ የሚባል፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው የጻፈው። ትሕትናው ማር ነው፣ ውስጡ ኮሶ። ደብዳቤዬ ደስ ብሏቸዋል። ትናንት ስልሳ ሁለት እርምጃ ለክተው ቆፍረዋል፣ ከአፈር በቀር ያገኙት የለም። የልጅነት ትዝታ ያሳስታል፣ ምናልባት ሌላ መንደር ይሆን? ከዚያም ሁሉ በላይ፣ በሰበሰቡት የመንደሩ ልጆች ዝርዝር ላይ ስሜ የለም።

ዝርዝሩን ማን ጻፈው? እነሱ! እነሱ ሳይጽፉኝ፣ አልተጻፍሽም ይሉኛል!

ንዴቴ ሥራ ቦታ ተከትሎኝ ሄዶ አንድ ትሪ ሙሉ ብሬትሰል፣ ያን የተቋጠረ ዳቦ፣ መሬት ላይ ደፋሁ። ቤት ስገባ ሀያት "ማማ፣ ላስ ኤስ" አለችኝ፣ ተይው ማለቷ ነው።

"ምን ሲደረግ! አንቺ ከዚሁ ከሰፈራችን፣ ከቦርንሃይም ነኝ ስትያቸው 'አይ፣ በእውነት ከየት ነሽ?' ሲሉሽ ትተይዋለሽ?"

ኮምፒውተሩን ዘጋች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። ዞር ብላ፣ በአማርኛ፣ "አልተውም" አለች።

በአማርኛ! ይህችን ለብቻዋ እዚህ ላይ ልመዝግባት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 15

አቦይ ተስፋይ ሻይ ዕረፍቴ ላይ ደወሉ። ሌሊቱን ሲያስቡት አድረዋል።

"እርምጃዋ የማን ናት?" አሉኝ።

"የቱ እርምጃ?"

"ስልሳ ሁለቷ። የማን እግር ነው የቆጠራት?"

"የኔ ነዋ።"

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

ያ አላህ! ስልኩን ይዤ እዚያው ዱቄቱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሚስተር ሃዋርድ በአዋቂ ረጅም እግሩ ለክቶ ድንጋዩን አልፎት ሄዷል! እኔም ጅሏ የሰባት ዓመት ልጅ ቁጥር ለሽማግሌ እግር ሰጥቼ፣ የማን እርምጃ እንደሆነ እንኳ አልነገርኩትም። "ስለ ልኬትማ ከሰንሰለት ጎታች በላይ ማን ያውቃል!" አልኳቸው። አቦይ ደስ ብሏቸው ሳል ያዛቸው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳልለማመጥ ጻፍኩት። የሰባት ዓመት ልጅ ፈልጉ። ከድልድዩ ጫፍ ጀምራ እንደ ልጅ ትሂድ፣ እንዳትሮጥ። ስትቆጥር መስማት እፈልጋለሁ፣ ስልኬ ይኸውላችሁ። ድንጋዩ ባይገኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ቢገኝ ግን የፎቶውን ጽሑፍ ታርማላችሁ፤ ሁለቱንም ስሕተት።

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ድምፃቸው የለም።

ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ነበረኝ። ሀያት ናት ያስያዘችልኝ፣ ያን ጎዶሎ ጥርስ በመጨረሻ ላስሞላው። ደውዬ ሰረዝኩት። ለምን ብላ የሐኪሙ ጸሐፊ ስትጠይቀኝ "ማስረጃ ነው" አልኳት። ምን እንደገባት እሷ ትወቅ።

ግን እዚህ ላይ ብቻ ልናገር፣ ፈርቻለሁ። እናቴም አባቴም የሉም። እዚያ መኖሬን የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው የለኝም። ድንጋዩን አንስተውት ቢሆንስ? ገበሬ ሰብሮት አጥር ሠርቶበት ቢሆንስ? እኔ ያልኩትን ማን ያምናል? በምላሴ ጥርሴን እዳብሳለሁ። አለ። ጎዶሎው አለ።

ሐሙስ፣ ሜይ 17

ዛሬ ፋይርታግ፣ የዕረፍት ቀን ነው፣ እዚህም ያ የዕርገት በዓል ነው፣ ሥራ የለም። እነሱም ድንበራቸውን የሚዞሩበት ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከጎኑ አልነሣም ብዬ ተቀመጥኩ። ሀያት ሻይ አመጣችልኝ፣ ቀዘቀዘ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጮኸ። ሚስተር ሃዋርድ ነው። "እንደምን ነዎት" አለ፣ መለስኩለት። ከዚያ መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ! ሄሎ!" እላለሁ።

"ይቅርታ" አለ። "የሚናገሩት እንደ አያቴ ነው። እንዲህ የሚናገር ሰው መንደራችን ውስጥ አልቋል።"

"ሌላ እንግሊዝኛ ማን አስተማረኝና!" አልኩት።

የልጁን ልጅ ይዟታል፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ስልኩን አስጠግቶላት ትቆጥር ጀመር። ሀያት ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ለጠፈች። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። ውሃው ይሰማኛል፣ ያው ጅረት! ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። ቆመች። አንድ ሰው በብረት አፈሩን ይወጋል። ጭፍ፣ ጭፍ። ምንም። "ወደ ቁጥቋጦው ጠጋ በሉ!" ብዬ ጮህኩ። ጭፍ። ከዚያ፣ ቃ!

ብረቱ ድንጋይ መታ።

"አፈሩን ሳትጠርጉት ስሙኝ" አልኳቸው። "በጅረቱ በኩል ባለው ጎኑ ላይ መስቀል የመሰለ ጭረት አለ። ቁልቁል ተዘቅዝቄ ያየሁት እሱን ነው።"

ጠረጉት። መጀመሪያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፣ "አለ! አያቴ፣ አለ!" ከዚያ የሰው ሁሉ ጩኸት። ሀያት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ አለቀስኩ፣ ለምን እደብቀዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፣ ለእኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አደረ።

ሚስተር ሃዋርድ ምስጋና ሲደረድር ከኋላው ልጅቷ ስትንጫጫ ሰማሁ። ምንድን ነው ስለው፣ በልማዱ መሠረት ዘቅዝቀው ድንጋዩን ሊያስነኳት ነው አለኝ።

"ጥርሷን!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማኝ አይቀርም። "ጥርሷን ጠብቁ! አጥብቃችሁ ያዟት!"

ምስክርነቴን በእኔ ስም ነገ ያስገባሉ። መንገዱ ይከፈት አይከፈት ገና አይታወቅም፣ ሰውዬው ጠበቃ አለው ይላሉ። ይኑረው። እኔም ጥርስ አለኝ።

አሁን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሀያት ገጹን ከፈተችልኝ። አርመውታል። "ዘይነብ፣ የኔዘር ኮምብሊ ልጅ፣ እየሳቀች" ይላል።

አሥሬ አነበብኩት። ለአባቴ ባነበብኩለት።

"እየሳቀች" የሚለውን ግን አላነሡትም። ነገ እጽፍላቸዋለሁ።