የማርቆስ አፍ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ዚፕ አልለጥፍም ብያለሁ፤ አልለጥፍም። የሱሪ ዚፕ ነው። ጓደኛዬ ማርቆስ በሥዕሉ ላይ በአፉ ቦታ ይግባ ይላል። ከአስከሬን ፊት የሱሪ ዚፕ ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም፤ የመጀመሪያውም እኔ አልሆንም።

«አንተ ታፔላ» አለኝ። ሲናደድብኝም ሲወደኝም የሚጠራኝ እንዲህ ነው። ዕድሜዬን የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ነው የኖርኩት። እሱ ግን እንደ ታፔላ ተገትረህ የቀረህ ነህ ማለቱ ነው። ይበል። ጠማማ ፊደል ጽፌ አላውቅም።

ጉበቱ ነው። ከሆስፒታል «ቤትህ ሂድና ዕረፍ» ብለው ከሸኙት ወዲህ ሆዱ እየተነፋ፣ ፊቱ እየሟሸሸ ሄዷል። የስፌት መኪናውን ሸራ አልብሶ ጥግ አስይዞታል። አሁን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስቀበር ከፊት ከፊቴ ፎቶ አይሂድ፣ አንተና እኔ የሠራነው ፊት ይሂድ አለኝ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ከቆርቆሮ፣ ከእንሰት ቃጫ፣ ከቅል ስባሪ።

እንዲህ ያለ ሥዕል መሥራት የጀመርነው ባነር የሚያትሙት ልጆች መጥተው እኔ ሥራ ፈት የሆንኩ ጊዜ ነው። እሱ ከሱቁ ትራፊ ጨርቅ ያመጣል፣ እኔ ቆርቆሮ እቆርጣለሁ። በሬ ሠርተናል። የነሪን ወንዝ ሠርተናል። የዲመካን ገበያ ከነፍየሎቹ ሠርተናል። ሰው ግን ሠርተን አናውቅም።

ሕጋችን አንድ ነው፦ የተለጠፈ አይነቀልም። ጓደኛህ የለጠፈውን ካልወደድከው ሌላ ነገር ትደርብበታለህ እንጂ አትነቅልም። የራስህንም ቢሆን አትነቅልም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ፊቱን የምንሠራበት ጣውላ፣ ችፑዱ ላይ የገባው፦
ግንባር፣ ከካኪ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትራፊ።
ፀጉር፣ ከከመነዳሪ ጎማ፣ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ።
ግራ ጆሮ፣ ከቅል። ትንሽ ተለቅ ብሏል። ጆሮው ትልቅ ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 17

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ማቋረጥ አልተቻለም። ጭቃ ጫማዬን ይዞ አስቀረው። አንዱን እግሬን አንጠልጥዬ ስቆም ከላሞቹ በቀር ያየኝ የለም።

በጉንጩ ተጣላን። እኔ ቀላ ያለ የፍየል ቆዳ አዘጋጅቼ ነበር፣ ድሮ ጉንጩ እንደነበረው። እሱ ቆዳውን እያገላበጠ አየና መለሰልኝ።

«ዓይኔን አየሃት? ቢጫ ናት። የዘይት ጀሪካን ቁረጥ።»

«ሰው የሚያስታውስህ ጤነኛ ሆነህ ነው» አልኩት።

«የሚቀብረኝስ ጤነኛ ሆኜ ነው?»

 ጀሪካኑን ቆረጥኩ። ላስቲኩ ኮላ አልቀበል ብሎ ስለነበር በመርፌ በስተን በቃጫ ሰፋነው። እሱ መርፌውን ይወጋል፣ እኔ ከጀርባ ስቤ እቋጥራለሁ። በዚያ አቅሙ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሚስቱ አስቴር አጥሚት ይዛ መጣች። ሁለቴ ፉት ብሎ መለሰላት። እሷም ለእኔ ሰጠችኝ። የበሽተኛ ምግብ መጠጣት አልፈለግሁም፣ ግን ቆማ ስለጠበቀችኝ ጠጣሁ።

የቀረው፦ ዓይን፣ ቀኝ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አፍ። ዚፑን እንደገና አነሳው። ጥቁር ዚፕ ነው፣ የብረት ጥርስ ያለው፣ የሆነ ሰው ሱሪው ላይ ሊያስገጥም አምጥቶ ተመልሶ ያልመጣለት። «ሲፈልጉ ይከፍቱኛል፣ ሲሰለቹ ይዘጉኛል» ይላል። ይህን የሚለው ሊሞት የደረሰ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18

ዓይኑን፣ አፍንጫውንና ቀኝ ጆሮውን ጠዋት አብረን ጨረስን። ከዚያ አፉን ሠራሁት። እሱ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ብቻዬን ሠራሁት። ከዘይት ቆርቆሮ ጠርዝ፣ በመቀስ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ፣ በመዶሻ ጠፍጥፌ። ከአፍንጫው ጋር በማስመሪያ ለካሁ። ለጠፍኩ። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። የተከበረ ሰው አፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አስቴር የታጠበ ልብስ ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ይሄ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ማርቆስ ነው» አልኳት።

«ማርቆስ አልጋ ላይ ተኝቷል። ይሄ እርስዎ ነዎት። እንደዚሁ ተኮሳትረው ነው ጠዋት ጤና ይስጥልኝ የሚሉኝ።»

ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የሚለካበት መስታወት አለ። እሷ እስክትሄድ ጠብቄ ሄጄ አየሁ። ከዚያ ችፑዱን አየሁ። ቀጥ ያለው አፍ፣ የተጨማደደው ግንባር። እኔ ነኝ። ጀሪካን የሆንኩ እኔ ነኝ።

ማርቆስ ሲነቃ እሷው ነገረችው። ችፑዱን አምጡልኝ አለ። አየና መሳቅ ጀመረ። በዚያ ሆድ እንዴት እንደሚሳቅ እንጃ። «እኔ ልሙት፣ አንተ ልትቀበር ነው! ኧረ ታፔላ!» እያለ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደም አመጣ። አስቴር ጀርባውን ይዛ ቆየች። እኔ ጨርቁን አቀበልኳት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

ትንሽ ሲሻለው «አይነቀልም» አለኝ። «ሕግህ ነው።»

«አልነቅልም።»

«ደርብባት እንግዲህ። ዚፗ ሳጥኔ ውስጥ ናት።»

አልደርብም፣ አፉ ደህና ነው አልኩት። ዓይኑን ጨፈነብኝ።

ደህና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የሱሪ ዚፕ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19

ጠዋት አልሄድኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ የአፍ ዓይነት ወረቀት ላይ ስነድፍ ዋልኩ። የሚስቅ አፍ እጄ ላይ አይወጣም። ስንት ዓመት የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ስጽፍ ኖሬ አንድ የሚስቅ ሰው መሥራት አቃተኝ። ለሥጋ ቤቱ የሳልኩት በሬ እንኳ አይስቅም።

ከሰዓት ስሄድ አማርኛው ጠፍቶበት አገኘሁት። በአፍ መፍቻው፣ በአሪኛ ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ የማውቀው የገበያ አሪኛ ነው፣ ስንት ነው፣ ተወደደ፣ ጨምር። እዚሁ ጂንካ ተወልጄ እዚሁ ሸምግዬ ጓደኛዬ ሊሞት ሲል የሚለውን የምትነግረኝ ሚስቱ ናት።

«ምን ይላል?»

«ክሩ ተወጠረ፣ ላላ አድርጉልኝ ይላል።»

«ሌላስ?»

«እሱኑ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን አንቀሳቅሶ የኮቴን እጅጌ ያዘ። ጥቁሩን የሱፍ ኮት፣ ራሱ የሰፋልኝን። ጠርዙን በሁለት ጣቱ እያሻሸ እስከ ክርኔ ድረስ ስፌቱን ተከተለው። የተፈታ ካለ ሊያይ ነው። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። አልተፈታም ማለቱ ይመስለኛል።

በዓይኑ አውቆኝ እንደሆነ አላውቅም። ኮቱን ግን አውቆታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

ማርቆስ ጎህ ሲቀድ ሞተ።

ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የነፍስ አባት፣ ፍትሐት፣ እነሱ ጋ የለም። መዝሙር ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቶ ከበሩ ጀምሮ ሲዘምር ዋለ። እኔ ከአጥሩ ጋ ቆምኩ። ዜማውን አላውቀውም። ድንኳን ሲተከል ገመድ ያዝኩ።

ልጁ ኤልያስ ከቱርሚ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ደረሰ። እዚያ ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። አቧራው ከዝናቡ ጋር ፊቱ ላይ ደርቋል። በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ፎቶ ፈታ። ሕመሙ ሲጠና አስቀድሞ ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ያስነሳው ነው። ፎቶ ቤቱ አንገቱን ቆርጦ ሙሉ ልብስ ላይ ተክሎታል፣ ሰማያዊ ክራቫት አስሮለታል፣ ከኋላው ፏፏቴ አድርጎለታል። ፊቱን አንጥቶታል። ቁርጥራጩ የት ጋ እንደተገጠመ ለእኔ ዓይን ይታያል።

«ማነው ይሄ?» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«ጋሼ፣ አባቴ ነው እንጂ» አለ። 

ከዚያ ችፑዱን ግድግዳው ጋ ተደግፎ አየው። እናቱ ነገረችው፣ አባትህ ይህን ይሂድልኝ ብሏል ብላ። ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ አይቆጡኝ። ጀሪካን ነው እኮ። ቀባሪው ይስቅብናል። ደግሞ አባዬን አይመስልም፣ እርስዎን ነው የሚመስለው።»

በሌላ ነገር ቢመጣብኝ ቆሜ እከራከረው ነበር። የሟች ቃል ነው ብዬ ድንኳኑን እገለብጠው ነበር። ግን እሱም አየው። የሰው አባት አስከሬን ፊት የራሴን ፊት አስይዤ ልልከው ነው እንዴ? «እንደ ፈቃድህ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። አስቴር ዘወር ብላ አየችኝ።

ቀብሩ ነገ ነው፣ ዘመድ ከየገጠሩ እስኪደርስ።

ማንም ሳያየኝ ችፑዱን ይዤ ወደ ሱቁ ገባሁ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ዚፑ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል፣ ሆን ብሎ እንዳገኘው ያስቀመጠው ይመስል። ኮላ አልቋል። የዱቄት ሙጫ አፈላሁና በቆርቆሮው አፍ ላይ ደረብኩት። አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሳብኩት፣ ግማሹን ከፈትኩት። በመሃሉ ቆርቆሮው ብልጭ አለ። ጥርስ ሆነ። የላይኛው ከንፈር ወደ ቀኝ ሸፈፍ አለ፣ ሲያሾፍብኝ እንደሚያደርገው።

ሸራ የለበሰው መኪና አጠገብ ተቀምጬ አየሁት። ማርቆስ ነው።

አሁን የምፈራው ዝናቡን ነው። የዱቄት ሙጫ በዚህ እርጥበት አይደርቅም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

ቀበርነው።

ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ሞልቶ ነበር፤ ቆመው አሳለፉን። ኤልያስ ፎቶውን ይዞ ከፊት ሄደ። እኔ ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ። ችፑዱን ወደ ደረቴ አዙሬ አቅፌዋለሁ። መንገድ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ኮቴን ገልጬ ልሸፍነው ስል ከሙጫው ጋር ሊፋተግ ሆነ። ስለዚህ አጥብቄ ይዤው ሄድኩ። ማንም አላየውም። የማርቆስ ፊት በቀብሩ ቀን ያየው የእኔን ደረት ብቻ ነው።

አንድ ሰውዬ «አባቴ፣ ጣውላ ተሸክመው ወዴት ነው? ላግዝዎት» አለኝ። «ሂድ ከዚህ» አልኩት። ሳይገባው ሄደ።

ድንኳን ስንመለስ ላስቀምጠው ብል እምቢ አለ። ሙጫው ከኮቴ ሱፍ ጋር ተያይዟል። የዚፑም ጥርስ ሱፉን ነክሷል። ስስበው የላይኛው ከንፈር ከቆርቆሮው ሊላቀቅ ቃጣው።

«ይቆዩ ልንቀልልዎት» ብሎ ኤልያስ እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካው!»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞረ። ለቅሶው ቆመ። አስቴርን የማርቆስን ትልቁን መቀስ አምጪልኝ አልኳት። የምፈልገው ገብቷት ነው መሰለኝ አልጠየቀችኝም።

«ጋሼ፣ ኮትዎ!» አለ ልጁ።

«ኮቱን የሰፋው እሱ ነው፤ ይውሰደው» አልኩና ደረቴ ላይ ያለውን ዙሪያውን ቆረጥኩት። መቀሱ ስለት ነው። እንደ ቅቤ ሄደ። ችፑዱን አዙሬ ድንኳኑ ምሰሶ ጋ አቆምኩት። ዚፑ አልተነቀለም። ግማሽ ተከፍቷል። ከሥሩ የኮቴ ጨርቅ አገጩን ሸፍኖ ጺም ሆኖለታል። ማርቆስ ጺም ኖሮት አያውቅም፤ በየጠዋቱ ይላጫል።

አስቴር አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ስቃለችም። «ኧረ ማርቆሴ፣ ምነው ጺም አበቀልክ» አለችና በዚያው ድምፅ ለቅሶው መጣ። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ስታለቅስ አልሰማኋትም። ሴቶቹ ደገፏት።

ኤልያስ ፎቶውን ይዞ ቆሞ ነበር።  ከዚያ ከችፑዱ ጎን አስደገፈው። ክራቫት ያሰረው አንድ ወገን፣ ጀሪካኑ አንድ ወገን።  

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳን ሄድኩ። ሁለቱም እንደተደገፉ ናቸው። ሙጫው ደርቋል። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፣ ከዚያ ጀሪካኑን ያይና አቀርቅሮ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ በአሪኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። አስቴር ሳልጠይቃት ነገረችኝ፦ «ሊናገር ነው እንዴ? ብለው ነው።»

ኮቴ ደረቱ ላይ ተቀዷል። ብርድ ይገባል። ነጠላ ደርቤ ነው የዋልኩት፣ ኮቱን ግን አላወለቅሁም። የሠፈሩ ሰው ሲያየኝ ኮትዎን ያሰፉት ይለኛል። ገበያው ጋ ሌላ ሰፊ አለ፤ ጥሩ ይሰፋል፣ ቶሎም ይሰጣል ይላሉ።

አልወስድለትም።