ሰባት አረንጓዴ ኮፍያ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
አሁን ገባሁ። ጣቴ ደንዝዟል። ዛሬ የሴቶች ማኅበራችን ላይ ሁለት የተሠሩ ኮፍያዎች መልሼ ተረተርኩ። ጆሮ የማይሸፍን የሕፃን ኮፍያ ምን ይሠራል? ሠሪዎቹ አኮረፉ። ያኩርፉ። ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ ያስተማርኩት ልወደድ ብዬ አይደለም።
የቀበሌው ዘበኛ አዳራሹን ሲከፍትልን ዛሬም ሳቀብን። በከሚሴ ሙቀት ሹራብ! ለግመል ነው ወይ አለ። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ በከሚሴ ሙቀትም እንደሚበርደው ስንቴ ልንገረው? ፎዚያ ትንገረው። ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ናት፣ የድሮ ተማሪዬ። ኮፍያውን የምታከፋፍለው እሷ ናት።
አዲስ ክር የለንም። ሰው ያረጀ ሹራብ ይሰጠናል፣ አስካለ ቤቷ ወስዳ ትተረትራለች፣ ታጥባለች፣ ትጠቀልላለች። ለእኔ ዛሬ ሦስት ጥቅል አረንጓዴ አመጣች። ጭኔ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ሃያ ዓመት አጥር የተጋራን ሰዎች ነን፣ ሳታወራ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። ምን አስቀይሜያት ይሆን?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
አንደኛው ኮፍያ አለቀ። ጥሩ ክር ነው ደብተሬ። ታጥቦም እንደተፈታ ሹሩባ ጥምዝምዝ ብሏል፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ኪሮሹ ላይ አይሰነጠቅም። ሳላየው ይሄድልኛል።
የማን ሹራብ እንደነበር አስካለን ጠየቅኳት። የሰደቃ ነው፣ ሰጪው ስሜ አይነሳ ብሏል አለች። ሰደቃ ከሆነ አይጠየቅም። ተውኩት።
ባሌ ሰይድ እራት ሳይበላ ተኛ። ከሐምሌ ጀምሮ እንዲህ ነው። ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጠሁት። ሆዱ ነው እላለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
ጀማል የሄደበት ቀን። ሦስት ዓመት ሞላው።
ባቲ ደርሼ እመጣለሁ ብሎ ነው የወጣው። ከባቲ አፋር፣ ከአፋር ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ። የእኔ ልጅ፣ አራት ዓመት ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተምሮ ዲግሪውን በፕላስቲክ አስለብጦ የሰቀለው፣ ሳዑዲ ፍየል ሊጠብቅ። አባቱ ፍየል ነጋዴ ነው እኮ! እዚሁ ይጠብቅ ነበር።
ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። ንፋሱ መጥፎ ነው፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው፣ አብሽሪ አዮ፣ አይዞሽ አለ። ሹራብህን ለምን ተውከው አልኩት። ሌላ የምናገረው ጠፍቶኝ። እዚህ ሙቀት ነው ብሎ ሳቀ።
ከዚያ ወዲህ ምንም።
ሰው እርምሽን አውጪ ይለኛል። ፊት ለፊት አይሉም፣ ዓይናቸው ይላል። አላወጣም። ሬሳ አላየሁም። ያየ ሰውም አልመጣም። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል። ታስሮ ይሆናል። የታሰረ ሰው ይፈታል።
አራተኛው ኮፍያ ላይ ነኝ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ
ሰባት አረንጓዴ ኮፍያ አስረከብኩ። ፎዚያ አንዱን በጡጫዋ ላይ አድርጋ አዞረችው፣ እንዲህ ዓይነት ጠርዝ ማን ይሠራል ብላ ለሴቶቹ አሳየች። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀጥላ ደግሞ ጠርዙን በትንሹ ላላ አድርጊው እትዬ ዘሐራ አለችኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች። ግን ልክ ናት።
አስካለ ኮፍያዎቹን አንድ በአንድ አነሳችና ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። እኔም ቤት አወጣሁ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ የጀማል ሣጥን። በየዓመቱ በዚህ ቀን ሹራቡን አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ ብል እንዳይበላው።
ሹራቡ የለም።
ዲግሪው አለ። ጫማው አለ። ቀበቶው አለ። ሹራቡ የለም።
ሦስቴ ገለበጥኩት። ሌባ ገብቶ ጫማ ትቶ ያረጀ ሹራብ ይወስዳል? እየነደደ ያለውን ቆሻሻ በእንጨት ስበትን ጎረቤት አየኝ።

ያው ቀን፣ ከዓስር ሶላት በኋላ
ሰይድን ጠየቅኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሳይል፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት አለ። ለማን ስለው በእጁ አጥሩን አሳየኝ። የአስካለን ቤት።
አረንጓዴ። ደብተሬ፣ አረንጓዴ ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
ትናንት ቀሪውን መጻፍ አልቻልኩም። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አላምነውም።
ሐምሌ ላይ ሰይድ ሰንበቴ ገበያ ፍየል እየሸጠ ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ እጁን ሳመው። ከሳዑዲ የተመለሰ ነው። ጀልባው ላይ አብሯቸው ነበር። ጀልባው ሲገለበጥ ጀማል ዋና የማይችል አንድ ልጅ ይዞ ነበር አለው። ሁለቱንም በዓይኑ አይቷል። ሲወጡ አላያቸውም።
አራት ወር! ሆድ ይፍጀው ብሎ አራት ወር ይዞት ተቀመጠ። እኔ ጥቁር አዝሙድ በማር እሰጠዋለሁ።
ለምን አልነገርከኝም አልኩት። በየቀኑ ልነግርሽ እወጣና የበሩን ጩኸት ሰምተሽ ጀማል ነው ብለሽ ስትነሺ አይሻለሁ አለ። ከዚያ ሸኹን ጠየቀ። ለሞተ ልጅ ሰደቃ ይደርሰዋል ተባለ። ከጀማል ንብረት አንድ ነገር በስሙ ልስጥለት ብሎ ሹራቡን ለአስካለ ሰጠ። ሕፃን ያሙቅበት አላት። ለእኔ እንዳትናገር አስማላት።
አስካለም ታውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀች ተረተረችው። እያወቀች ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።
እኔ ነኝ የሠራሁት። ሰባቱንም በእነዚህ እጆች። ልጄን በትኜ ጨረስኩት።
ሰይድ አጠገቤ አለቀሰ። አልነካሁትም።

ኅዳር 14፣ እሁድ
ሰይድ ሰንበቴ አልሄደም።
አስካለ በአጥሩ ጠራችኝ። ገባሁና በሩን ዘጋሁ።
ወስኛለሁ። ኮፍያዎቹን እሰበስባለሁ። ሌላ ኮፍያ ሰጥቼ እለውጣቸዋለሁ። ሰባቱን ተርትሬ ሹራቡን መልሼ እሠራዋለሁ። ልኩ አይጠፋኝም፣ የትከሻው ስፋት፣ የእጅጌው ርዝመት፣ ሁሉንም በስንዝር አውቀዋለሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፎዚያ ደነገጠች፣ ፀጉሬን አልተሸፋፈንኩም ነበር መሰለኝ። ነገርኳት። ስድስቱ ተሰጥተዋል። ለማን? ጤና ጣቢያው ኮፍያ ለማን እንደሰጠ አይመዘግብም። ቢመዘግብም አልነግርሽም አለች፣ እጄን ይዛ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ቀርቷል። እሱን ሰጠችኝ።
ትራሴ ሥር ነው ያለው። ትንሽ ነው። የጀማል ጉልበት እንኳ አይገባበትም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ
ማኅበር አልሄድኩም። መንገድ ለመንገድ ዋልኩ። የታዘለ ሕፃን ባየሁ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። ሰው አብዳለች ይበል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ
አንዱን አገኘሁት።
ከገበያ ባጃጅ ያዝኩ። ውስጥ አንዲት ልጅ እግር እናት አለች፣ ከገጠር የመጣች፣ አከም ጅርቱ ብላ ሰላም አለችኝና ተጠጋችልኝ። ልጁ እቅፏ ውስጥ ነው። ራሱ ላይ የእኔ ጠርዝ።
ቀን ሰባት ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ይጋግራል። ልጁ በላብ ተጠምቋል። አስተማሪነቴ ቀደመ፣ በዚህ ሐሩር ኮፍያ ምን ይሠራል ብዬ ተቆጣሁ። አፍራ ሳቀች፣ አንቺው አውልቂለት አለች። አወለቅኩት። እጄ ላይ ነው። እርጥብ ነው፣ ወተት ወተት ይላል።
ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ኮፍያ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ አዲስ። ለመለወጥ የያዝኩት። እጄ ዚፑ ላይ ነበር።
ልጅቷ ግን ታወራለች። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች። ልጁ ሁለት ወር ቀድሞ መጣ። አልሞቅ ብሎ ሦስት ቀን እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ባሏ አይተርፍም ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያ ያቺን ኮፍያ አድርገውለት ደረቷ ላይ አስተኙት። «ይቺ ናት የያዘችልኝ። ማን እንደሠራት አላውቅም፣ ረቢ ልጇን ያኑርላት» አለችኝ።
ልጇን ያኑርላት።
ኮፍያውን በጉልበቴ ላይ አስተካክዬ አጠፍኩት፣ ማታ ማታ ብቻ አድርጊለት አልኩና መለስኩላት። ሰማያዊውንም ጨመርኩላት። ገለቶማ፣ ገለቶማ እያለች ታመሰግናለች። መውረጃዬ አልፎ ነበር፣ ከመናኸሪያው በእግሬ ተመለስኩ፣ እየጮህኩ እያለቀስኩ፣ መንገድ ላይ፣ በሰው መሃል። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም።
ዋና የማይችል ልጅ ይዞ ነበር አለ ያ ወጣት። ጀማልም እኮ ብዙ አይችልም። ከሚሴ የት ዋኝቶ ያውቃል? ማን ያዘው እሱን?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት
የአስካለን በር አንኳኳሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ቤቷ ውስጥ፣ ብቻዋን። ከጥቅምት ጀምሮ ማኅበር ስትመጣ ብቻ ነው አስተካክላ የምትለብሰው ለካ። እኔ ያላወጣሁትን እርም እሷ እያወጣችልኝ ነበር።
እንደዚያም ሆኖ ተቆጣኋት። ለምን ለእኔ ሰጠሽኝ? ሌላ ሴት አልነበረችም? «የናት እጅ እያለ ለማን ልስጠው?» አለች።
እጆቼን አየሁ።
ከቁም ሣጥኗ አንድ ትንሽ ጥቅል አወጣች። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ሹራቡን ስሠራ ክር አልቆብኝ የግራ እጅጌውን ጫፍ ደሴ በተገዛ ሌላ አረንጓዴ ነበር የጨረስኩት። ጀማል ሁሌ ይቀልድብኝ ነበር፣ በግራ እጄ ሌላ እናት አለችኝ እያለ። አስካለ ይሄን ካየሁ እንደማውቅ ገብቷት ደብቃዋለች።
ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ኅዳር 22፣ ሰኞ
ከትራሴ ሥር ያለውን ኮፍያ ለፎዚያ መለስኩ። ካርቶኑ ውስጥ ራሴ አስገባሁት።
ፈዛዛውን ክር ላስቀምጠው ነበር፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከጫማው ጋር። ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀመጥኩትም። ከዚያ አወጣሁት። ተቋጥሮ ስለነበር ሰይድ ዘርግቶ ያዘልኝ፣ በሁለት እጁ፣ ፍየል የሚጎትትበት ሻካራ እጁ። ሠላሳ አራት ዓመት ተጋብተን ክር ይዞልኝ አያውቅም። እኔ ጠቀለልኩ። ሲያልቅ እጁን አላወረደም፣ ባዶውን ዘርግቶ ቆየ። ያን ጊዜ ያዝኩት።
ሸኹን ጥራልኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ገባው። ሐሙስ ይሁን አለ። ነገ ይሁን አልኩ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል
ዛሬ በሩ ክፍት ነው። ሰይድ ምንጣፍ ሲያነጥፍ ይሰማኛል። መስጊድ ውስጥ አስከሬኑ በሌለበት ይሰገድለታል፣ ከዚያ ሰው ወደ ቤት ይመጣል። ማክሰኞ ስለሆነ ሴቶቹ አዳራሽ አይሄዱም፣ እኔ ጋ ይምጡ ብያለሁ፣ ኪሮሻቸውን ይዘው። እጁን አጣጥፎ የሚያየኝ ሰው አልፈልግም።
ጀማል ሞቷል። ጻፍኩት። የእኔ ጀማል ባሕር ውስጥ ሞቷል።
ስምንተኛው ኮፍያ አለቀ። ከሁሉም ትንሹ ነው፣ ክሩ አልበቃም፣ ጆሮው ላይ ለጥቂት ነው የደረሰው። ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን እተረትረው ነበር። ጠርዙን ላላ አድርጌዋለሁ። የቀረው ክሩን ቆርጦ ማሰር ነው። መቀሱን ሁለቴ አነሳሁት፣ አልቻልኩም።
አስካለ ስትመጣ እሷ ትቆርጠዋለች። እኔ እይዝላታለሁ።